የተሸናፊዎች ግንድ

እሑድ ጠዋት በካሜሩኗ መንደራችን በባንቴም፣ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ወንድ ወይ ታሟል ወይ ኳስ ይጫወታል። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚያደርጉ አሉ። ሥጋ ሻጩ ንጋሳ ለምሳሌ ጉልበቱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሆዱን በቀበቶ አስሮ በረኛ ይቆማል፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ከሄደች እሱም ወደ ቀኝ ያያል፣ ከዚያ አያልፍም። እኔ የቆርቆሮና የምስማር መደብር አለኝ፤ ወደ ሜዳ የላከችኝ ሚስቴ ናት። ዕድሜዬ ገፋ ሲል ነጭናጫ ሆኜ ነበር መሰለኝ፣ «ቤት ተቀምጠህ ከምታጉረመርም፣ ውጣና ከቢጤዎችህ ጋር አጉረምርም» አለችኝ። ወጣሁ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ እንቅልፌ ተስተካከለ፣ ዳገት ስወጣ ማለክለክ ተውኩ፣ ሚስቴም እንደ ሰው ታናግረኝ ጀመር።

ጨዋታው «ሁለት ለባዶ» ይባላል። ስድስት በስድስት ሆነን እንጋጠማለን። ቀድሞ ሁለት ጎል የገባበት ቡድን ይወጣል፣ ተረኛው ይገባል፣ ያሸነፈው እዚያው ሜዳው ላይ ይቆያል። የወጣው ደግሞ አቮካዶው ሥር በተጋደመው የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ይደረደራል። እዚያ የውሃ ጀሪካን አለ፣ የተጠበሰ ሙዝ አለ፣ ስድብ አለ። የማን ስኳር እንደጨመረ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ሌሊት ቁጭ ብሎ እንደሚያነጋ የሚሰማው ግንዱ ላይ ነው። የተቀመጠው ሁሉ የተሸነፈ ስለሆነ የሚኮራ የለም።

ኑቢሲ ወደዚህ ሜዳ የመጣው ፎ ከሆነ በኋላ ነው። ፎ ማለት የመንደራችን ንጉሥ ነው። በአፌ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ልጅነታችንን ይዤ «እሱ» እላለሁ፣ ማንም አይሰማኝም። አንድ ክፍል ነበርን። የሚሲዮኑን አቮካዶ አብረን ሰርቀናል፣ አብረን ተገርፈናል። ሒሳብ ስለማይገባኝ «ድፍን ቅል» የሚል ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። ኋላ ዱዋላ ሄዶ ባንክ ተቀጠረ። ለበዓል ሲመጣ ሳቁ ከመኪናው ቀድሞ ይገባ ነበር።

ከዚያ አባቱ፣ የቀድሞው ፎ፣ ሞቱ። በእኛ አገር ወራሹ ማን እንደሆነ አስቀድሞ አይነገርም። በቀብሩ ዕለት ዘጠኙ ሹማምንት ሕዝቡ መሀል ገብተው አንዱን ልጅ ክንዱን ይይዙታል፤ የተያዘው እሱ ነው። ኑቢሲን ያዙት። ሊያመልጥ ሲታገል በዓይኔ አይቻለሁ። በአደባባይ የሰው እጅ ለመጨረሻ ጊዜ የነካው ያን ቀን ነው። ራፊያ በሚባለው የዘንባባ ዓይነት በተሠራው ጎጆ ውስጥ ዘጠኝ ሳምንት ዘግተውበት ሥርዓቱን አስተማሩት፤ ሲወጣ ባለ ቆብ ነበር። ፎ አይጨበጥም። ጎንበስ ብለህ መዳፎችህን ሰብሰብ አድርገህ ታጨበጭባለህ፣ የምትናገረውንም በመዳፎችህ መሀል ትናገራለህ። ፎ ሲበላና ሲጠጣ አይታይም። ሚስቶቹም ያጨበጭባሉ።

በሁለተኛው ዓመት ለቤተ መንግሥቱ የበር ቁልፍ ላደርስ ሄጄ አገኘሁት። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ እሱ መጋረጃ ዘግቶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል። ወፍሯል። ፊቱ ግን የወፈረ ሰው ፊት አልነበረም። ቁልፉን ተቀብሎ ትንሽ አገላበጠና «ቴካም፣ ይሄ ከውጭ ነው ከውስጥ የሚቆለፈው?» አለኝ። «ከውስጥ ነው፣ ፎ» አልኩት። «አይ» አለ።

እናቱ ማፎ በር ድረስ ሸኙኝ። ማፎ የንጉሥ እናት ናቸው፤ በአገሩ ለፎ የማያጨበጭቡ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ልጄ ሌሊት አይተኛም፣ ቀን አይነቃም» አሉኝ። «የባፉሳም ከተማው ሐኪም ደም ብዛት አለበት አለ፣ ስኳር አለ። ሦስተኛ ነገርም አለ፣ ኪኒን የለውም አለ። ላብህ ይውጣ፣ ሰው መሀል ዋል ብሎታል።»

ሐኪሙ እንግዲህ ሁለት ነገር ነበር ያዘዘው። ቤተ መንግሥቱም፣ ሹማምንቱም፣ እኛም የሰማነው ላቡን ብቻ ነው።

መጀመሪያ በእግር መሄድ ሞከረ። ፎ ብቻውን አይሄድም፤ ጥላ ያዥ ይከተላል፣ በርጩማ ያዥ ይከተላል። መንገድ ላይ ያየው ሁሉ ጎንበስ ይላል፤ ጎንበስ ያለ ደግሞ የመሬት ክስ አያጣም። ገበያው ድረስ ያለችውን መንገድ ጨርሷት አያውቅም ነበር። ቀጥሎ ባለበት የሚሽከረከር ብስክሌት ከዱዋላ አስመጣ። ከሹማምንቱ አንዱ፣ ዎምቤ የሚባሉት፣ ፎ በግድግዳ ትይዩ ተቀምጦ የትም ሳይደርስ ሲያልበው ማየት ለመንደሩ መጥፎ ገድ ነው ብለው አስወጡት። ብስክሌቱ ዛሬ ማሽላ ይሰጣበታል።

በመጨረሻ እሱ ራሱ «ከአንጋፋዎቹ ጋር ኳስ እጫወታለሁ» አለ። ዎምቤ ቀደም ብለው ሜዳው ድረስ መጥተው ሰበሰቡን።

«ፎ ይጫወታሉ» አሉ። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። አይጠለፍም፣ አይገፋም፣ ኳስም አይነጠቅም። የነካቸው ፍየል ያመጣል። ፍየሉን አምጥቶም ስሙ ከዚያ ወዲያ በመንደሩ አይነሣም።»

«ኳሷ ብትነካቸውስ?» አለ ንጋሳ።

«ኳሷ ያንተ ናት?»

«የማኅበሩ ናት።»

«እንግዲያው ማኅበሩ ፍየል ያምጣ።»

የመጀመሪያው እሑድ እንዲህ ሆነ። ፎ ቆቡን በክር አገጩ ሥር አስሮ ገባ። ኳስ አቀበሉት። ወደ ጎል ዞረ። እኔ ተከላካይ ነኝ፤ እንደ በር ተከፈትኩ። ጎኔ ያሉትም ተከፈቱ። ንጋሳ ኳሷ በቀኝ ስትመጣ በፍጹም ትሕትና በግራ ወደቀ። ሁለት ገባ፣ ወጣን፣ ተረኞቹ ገቡ፣ እነሱም ተከፈቱ። ያሸነፈ አይወጣምና ፎ ረፋዱን ሙሉ ሜዳው ላይ ቀረ። የሱ ቡድን ሰዎች ትንፋሽ ሲያጥራቸው እግራቸውን እየያዙ እየወደቁ ወደ ግንዱ ሸሹ፤ በምትካቸው ሌላ ሰው ገባ። ከፎ ጋር መሰለፍ ቅጣት ሆነ። ቀትር ላይ ሁላችንም ግንዱ ላይ ታጭቀን ሙዝ ስንበላ፣ እሱ ብቻውን ወደ መኪናው ሄደ። ተነሥተን አጨበጨብንለት።

በየእሑዱ እንደዚያው ሆነ። ሆዱ ጎደለ። «ፎ ቀለል አላቸው» ተባለ በገበያው፤ ስኳሩም ወረደ አሉ። ያ ሦስተኛው ነገር ግን ባሰበት። ጎል ሲያገባ እጁን እንኳን አያነሣም፤ ኳሷን ራሱ ከመረቡ አውጥቶ መሀል ሜዳ አስቀምጦ ይቆማል፣ ተረኞቹ እስኪመጡ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ደረቱን ይዞ ጎንበስ ሲል አየነው። ግንዱ ላይ የነበርነው ሁላችን ተነሣን፤ ማንም ግን አልሄደም። ሄዶ ምን ያደርጋል? መያዝ አይቻልም።

የዚያን ቀን ኳሷ ከአጥር ውጭ ወድቃ ላመጣት ስሄድ ተከተለኝ። ከአጥሩ ጀርባ እኔና እሱ ብቻ ሆንን። አጨበጨብኩ።

«ተወው እባክህ» አለኝ። «የሚመጣው እሑድ የመጨረሻዬ ነው።»

«ደረትዎን አሞዎት ነው፣ ፎ?»

«ደረቴማ ምን አለው። ቴካም፣ ስሮጥ ማንም ወደ እኔ አይመጣም። ቤት ስቀመጥም ማንም ወደ እኔ አይመጣም። ቤቱ ቢያንስ ጥላ አለው።» ኳሷን በእግሩ ገፋ አደረገልኝ። «መጋረጃዬን ዘግቼ ልቀመጥ። አንተም በረኛህም ተዋናይነት አትችሉበትም።»

ድሮ ቢሆን አንገቱን አንቄ «ዝም በል፣ አንተ ቀባጣሪ» እለው ነበር። ኳሷን አቅፌ ቆምኩ። ሰው ወዳጁ ሲሰጥም እያየ እጁን የሚይዘው ሕግ ካለ፣ ያ ሕግ ደስ አይለኝም። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ቀጥ ብዬ ማፎ ዘንድ ሄድኩ።

ማፎ ጓሮ ተቀምጠው ለውዝ ይፈለፍሉ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው መፈልፈላቸውን አላቋረጡም።

«እስቲ ጨዋታውን አስረዳኝ» አሉ። «የተሸነፈ ምን ይሆናል?»

«ይወጣል፣ ማፎ። ግንድ ላይ ይቀመጣል።»

«ያሸነፈስ?»

«ሜዳው ላይ ይቀራል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሸነፍ።»

«እናንተ ደግሞ አታሸንፉትም።»

«እንዴት ብለን እናሸንፋለን? ፎ ናቸው እኮ።»

«ግንዱ ላይስ ምን አለ?»

«ምንም የለም። ውሃ። ሙዝ። የሽማግሌ ወሬ።»

ያን ጊዜ እጃቸው ቆመ። «የሽማግሌ ወሬ» አሉ። «እናንተ ጅሎች! ሐኪሙ ያዘዘለት እኮ እሱን ነው። እናንተ ሁልሽም እዚያ ተኮልኩለሽ መድኃኒቱን ትበያለሽ፣ ልጄን ሜዳ ላይ እንደ ፈረስ ታስሮጪዋለሽ።» ማፎ ሲናደዱ ወንዱን ሁሉ አንቺ ይላሉ። «እሑድ አሸንፉት።»

«ፍየሉስ ማፎ? ስሜስ?»

«የፍየሉን ለኔ ተወው። ስምህማ ድፍን ቅል አልነበረም እንዴ? ምን የሚጠፋ አለው?»

እሑድ ሌሊቱን ዘንቦ ሜዳው ቀይ ጭቃ ሆኖ ነበር። ማፎ በርጩማቸውን አስይዘው፣ ፒፓቸውን ይዘው መጡ። ሁላችንም ጎንበስ አልን። ዎምቤ ሮጠው ከጎናቸው ቆሙ። ማፎ ተቀመጡና ጮክ ብለው ልጃቸውን ጠሩት።

«ና ወዲህ!»

ፎ መጣ። «ዝቅ በል» አሉት፤ ዝቅ አለ። አገጩ ሥር ያለውን ክር ፈቱት፣ ቆቡን አወለቁ፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ራሱ መሀል መላጣ ሆኖ ኖሯል፤ አላወቅንም ነበር። ዎምቤ ምራቃቸው ትን አላቸው።

«ማፎ፣ ይሄ... ይሄ እኮ...»

«ምን ሆንክ?» አሉ ማፎ። «ፎው እዚህ ጭኔ ላይ ነው። ማጨብጨብ የፈለገ መጥቶ ያጨብጭብ። ያ መላጣው ልጄ ኑቢሲ ነው። እኔ ነኝ የወለድኩት፣ አንተ አይደለህም። ሂድ አንተ፣ ተጫወት!»

ዎምቤ ቆቡን አዩ፣ መላጣውን አዩ፣ ማፎን አዩ። አንድ ሽማግሌ ይህን ያህል ሲያስብ አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ወደ ቆቡ ዞሩ፣ ጎንበስ አሉና አጨበጨቡ።

ጨዋታው ተጀመረ፤ እኛ ግን ያው ነን። ልማድ እንደ ቆብ አይወልቅም። ኑቢሲ ኳስ ይዞ ሲመጣ የፊተኞቹ ተከፈቱ። እኔ ጋ ደረሰ። እግሬ ሊከፈት ሲል ዓይኑን አየሁት። ወደ ጎሉ አይመለከትም ነበር፤ እኔን ነበር የሚያየው፣ እንደሚለምን ሰው። ሸርተቴ ገባሁበት።

ኳሷ ወጣች፣ እሱም ወጣ። በጭቃው ላይ ተንሸራቶ በጀርባው ተዘረረ፤ ጫማዬ ትከሻው ላይ አርፏል። ንጋሳ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እኔ ፍየሏ ታየችኝ፣ ሚስቴም ታየችኝ። ኑቢሲ ሰማይ ሰማይ እያየ ተጋድሟል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሞተ ብዬ ነበር።

«አንተ ድፍን ቅል!» ብሎ ጮኸ። «እግሬን ልትሰብረው ነው? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ኳስና ቅልጥም አትለይም?»

«ያንተ ቅልጥም ኳስ ቢመስል እኔ ምን ላድርግ!» አልኩት። አንተ አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ተነሥቶ ተከተለኝ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ሆነ። ገፋኝ፣ ገፋሁት። አንዱ ተከላካይ ማሊያውን ጎተተው፤ እሱም መልሶ ጎተተ። መጀመሪያ አንድ አገባንበት። ሁለተኛው ሲገባ ኑቢሲ ዳኛው ላይ ሄዶ እጁን እያወራጨ «ጨዋታ ውጭ ነው! ዓይንህ የት ነው? መነጽርህን አውልቀህ ነው እንዴ የምትዳኘው?» እያለ ይጮህ ጀመር። የምራቅ ፍንጣሪ አየሁ። ዳኛው የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ነው፤ ፊሽካውን ነክሶ ቀረ።

«ውጣ!» አሉ ማፎ ከበርጩማቸው። «ተሸንፈሃል! ሲሸነፍ መነጫነጭ የአባቱ ነው።»

እየተነጫነጨ ወደ ግንዱ ሄደ። እኛ ያሸነፍነው ሜዳው ላይ መቅረት ነበረብን፤ እኔ ግን ቁርጭምጭሚቴን፣ ንጋሳም ዳሌውን ይዘን ወደቅንና ተተካን። ያን ዓይነቱን መውደቅ ሁላችንም አሳምረን ተምረነዋል።

ግንዱ ሞልቶ ነበር። ሲመጣ ሲያዩት ሁሉም ቦታ ለቀውለት ራቅ ብለው ሊቀመጡ ፈለጉ፤ የሚርቁበት ቦታ አልነበረም። መሀላችን ተወሽቆ ተቀመጠ። ላብ ያራሰው ትከሻው ትከሻዬን ነካኝ፣ አላነሣውም። ውሃው ሲዞር ንጋሳ ኩባያውን ይዞ ግራ ገባው፤ ፎ ሲጠጣ አይታይማ። ኑቢሲ ከእጁ ነጠቀውና ጠጣ። ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። ኩባያውን ሲያቀብለኝ እኔም በዚያው አፍ ጠጣሁ።

«ለዚች ሁለት ጎል» አለ ንጋሳ ለጫማው፣ «ስንት እሑድ ስወድቅ ኖርኩ። ዳሌዬን ጨረስኩት እኮ።»

«ስትወድቅ ታስጠላ ነበር» አለ ኑቢሲ። «እንደ ሙዝ ግንድ።»

ሳቁ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ሌላው ደረሰ። እሱም ሳቀ፤ ከመኪናው ይቀድም የነበረው ያ ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ፊቱን በጭቃማው ማሊያ ጠረገ። ሙዙ ዞረ፤ ወሰደ፣ በላ።

«ሁልጊዜ እዚህ ነበራችሁ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የት ልንሄድ?»

ማሰብ ያዘ። ከዚያ ሌሊት ቁጭ ብሎ እንደሚያነጋ ተናገረ። ንጋሳ እሱም እንደዚያ ሆኖ እንደነበር፣ ሚስቱ ስትሞት፣ ተናገረ። ርእሰ መምህሩ ፊሽካውን ለሌላ ሰጥቶ መጣና ስለ ጡረታው አወራ። የኑቢሲ ቡድን ተራ ሲደርስ «ፎ... ኑቢሲ... ተራችን ነው» አሉት። «ትንሽ እንቆይ» አለ። ደስ አለኝ። የማላፍርበት ደስታ ነው፣ ተጽፎ ይቀመጥ።

ቀትር ሲሆን ማፎ ተነሡ። እኔ ከግንዱ ተነሥቼ፣ ጉልበቱ ደርቆ ይሆናል ብዬ ላነሣው እጄን ዘርግቼለት ነበር። እጁን አነሣ። በመሀሉ ማፎ ከኋላው ደረሱና ቆቡን ራሱ ላይ ደፉት።

እጄ አየር ላይ ቀረ። እሱም አየው፣ እኔም አየሁት። ቀስ ብዬ ሰበሰብኩትና ከሌላኛው ጋር አገናኘሁት፤ ጎንበስ ብዬ አጨበጨብኩ። ግንዱ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ፎ መዳፎቹን ግንዱ ላይ ተክሎ ብቻውን ተነሣ። ባጠገቤ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እሑድ፣ ድፍን ቅል» አለኝ።

«እሑድ፣ ፎ» አልኩ በመዳፎቼ መሀል።

ጥላው ተዘረጋለት፤ ዎምቤ ከፊት ከፊት እያሉ ወደ መኪናው ሄደ። የጫማዬ ጭቃ ከነቅርጹ ትከሻው ላይ እንዳለ ነበር። ሊጠርግለት የሚችል ሰው አልነበረም። እሱም አልጠረገውም።